አዲሱ ብስክሌት ሲሰነጠቅ፦ ከበያጁ በፊት ሻጩ ይወቅ

ከአዲስ አበባ ተገዝቶ ዶሎ ኦዶ የደረሰ ውድ ብስክሌት ወር ሳይሞላው መንቋቋት ቢጀምር ወይም ቴላዮው ላይ መስመር ቢታይ፣ ባለቤቱ መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ በያጅ ነው። አይፈረድበትም፤ ሻጩ ከአንድ ቀን በላይ መንገድ ይርቃል፣ በያጁ ግን እዚሁ ገበያው ዳር አለ። ችግሩ፣ ያቺ ብየዳ ብስክሌቱንም የመጠየቅ መብትንም ልታበላሽ መቻሏ ነው። ሻጩ «ከነካካኸው በኋላ የኔ ጥፋት መሆኑን በምን አውቃለሁ?» ቢል መልስ አይገኝም። በዚያ ላይ የዘመኑ ብስክሌቶች ብዙዎቹ ከስስ አሉሚኒየም የተሠሩ ናቸው። የበርና የመስኮት ብየዳ ያቃጥላቸዋል፤ ፋብሪካው በሙቀት የሰጣቸውን ጥንካሬም ይወስዳል።

ጥፋቱ የማን ነው?

ሁሉም ብልሽት የፋብሪካ አይደለም። የግራር እሾህ የበሳው ካላማዳሪያ፣ በአቧራ የተበላ ካቴና፣ ሁለት ጄሪካን ውሃ ተጭኖበት የተጣመመ ቸርኬ የአጠቃቀም ጉዳይ ነው። በጭነት መኪና ላይ የተጣመመው ደግሞ የአጓጓዡ ነው፤ ስለዚህ ዕቃው እንደደረሰ ፈርሞ ከመረከብ በፊት ማየት ይገባል።

የገጣጣሚ ስህተትም አለ። የግራ ፔዳል ጥርሱ ወደ ተቃራኒው ስለሚዞር፣ ይህን ያላወቀ ሰው በጉልበት ቢያጠብቀው ጥርሱን ይበላዋል። የገጠመው ሻጩ ከሆነ ይጠየቅበታል፤ ገዢው ራሱ ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው።

የፋብሪካ ጉድለት የሚጠረጠረው ስንጥቁ ብየዳው ሥር ሲሆን ነው፦ መሪው በሚገባበት ቱቦ፣ ፔዳሉ በሚዞርበት ቤት፣ የኋላ ጎማው በሚታሰርበት ቦታ። አካባቢውን በእርጥብ ጨርቅ ጠርገው ጥፍርዎን በመስመሩ ላይ ያሳልፉ። ጥፍርን የሚይዝ መስመር ከቀለም በላይ ሊሆን ይችላል። ብረት ከሆነ ከስንጥቁ የዝገት ቀለም ሊወጣ ይችላል፤ አሉሚኒየም ግን እንደዚያ አይዝግም፣ ብዙ ሳያስጠነቅቅም ሊሰበር ይችላል። ጥርጣሬ ካለ መንዳት ማቆም ነው።

ስመ ጥር አምራችም ይሳሳታል። በመስከረም 2016 ዓ.ም. የጃፓኑ ሺማኖ በሁለት ቁራጭ ተሠርተው በማጣበቂያ የተያያዙ የፔዳል ክራንኮቹ ሊላቀቁ እንደሚችሉ አስታውቆ፣ በአሜሪካና በካናዳ 760,000 ያህሉ እንዲመረመሩ ጠራ። ከ4,500 በላይ የመላቀቅ ሪፖርቶች ነበሩ፤ ስድስት ሰዎችም ተጎድተዋል። የሚመረመሩት የሚለዩት በክራንኩ ጀርባ በተቀረጸ ባለ ሁለት ፊደል ኮድ ነበር። በቴላዮው ላይ የተመታውን መለያ ቁጥርና በየአካሉ ያሉትን ኮዶች ገና በገዙበት ቀን ፎቶ ማንሳት የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813፣ ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በገዛ በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት ሻጩን መጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል። ዋስትናው ወይም ውሉ የተሻለ ከሰጠው እሱ ይጸናል።

15 ቀን ካለፈም በር ሁሉ አልተዘጋም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ገዢው ዕቃውን እንደተረከበ እንዲመረምር፣ ጉድለት ሲያገኝም ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ያዛል። በመጀመሪያ ምርመራ የማይታይ ስውር ጉድለት ሲሆን፣ የማስታወቅ ግዴታው ጉድለቱ ሲታወቅ ይጀምራል። ካስታወቀ በኋላ ክስ ለመመሥረት ያለው ጊዜ በመርሕ ደረጃ አንድ ዓመት ነው። ጉድለቱን እያወቀ የደበቀ ሻጭ «ኃላፊነት አልወስድም» የሚል ጽሑፍ አያድነውም።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን ሻጩ ሲታወቅ ነው። ዶሎ ኦዶ ሦስት አገሮች የሚገናኙበት ቦታ ላይ ናት። ከኬንያዋ ማንዴራ በኩል ያለ ደረሰኝ የገባ ብስክሌት በዋጋ ቢረክስም፣ ሲሰበር የሚጠየቅ ሰው አይገኝለትም።

ምን ይደረግ?

በመጀመሪያ፣ ምንም ሳይፈታ በብርሃን ፎቶና ቪዲዮ ያንሱ፦ ሙሉ ብስክሌቱን፣ ስንጥቁን ከቅርብ፣ መለያ ቁጥሩን። ደረሰኙን፣ የዋስትና ካርዱን፣ የባንክ ወይም የቴሌብር ክፍያ መልእክቱን ከዚያው ጋር ያስቀምጡ።

በዚያው ቀን ለሻጩ በጽሑፍ ያስታውቁ። ስልክ መደወል ጥሩ ነው፤ ማስረጃ የሚሆነው ግን ቀኑን የያዘ የቴሌግራም መልእክት ወይም ደብዳቤ ነው። የተገዛበትን ቀን፣ ጉድለቱ የታየበትን ቀንና ቦታውን ጽፈው፣ «ይለወጥልኝ» ወይም «ገንዘቤ ይመለስልኝ» ብለው ጥያቄዎን በግልጽ ያስቀምጡ። «እባክህ አንድ ነገር አድርግልኝ» ብቻ ከሆነ ቀኑ በቀጠሮ ያልቃል።

ሻጩ «ላከው» ካለ፣ የማጓጓዣውን ማን እንደሚከፍል አስቀድሞ በጽሑፍ ይስማሙ፤ ሲታሸግም ፎቶ ያንሱ። እምቢ ካለ፣ አቤቱታው የሚቀርበው በአብዛኛው ሻጩ ባለበት ከተማ ላለው የንግድ ቢሮ ወይም ፍርድ ቤት ነው። አዲስ አበባ ዘመድ ካለ ውክልና መስጠት ከመመላለስ ያድናል፤ ለእሱም ደረሰኙንና የመልእክቱን ቅጂ አብረው ይላኩለት።