ለቴአትር፣ ለፊልምና ለሙዚቃ ትምህርት ለምታመለክቱ የግሸንና የአምባሰል ልጆች

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ቴአትር ወይም ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ለመግባት ካሰባችሁ፣ የማትሪክ ውጤት ብቻውን አይበቃም። የተሰጥኦ ፈተና አለ፤ ፈታኝ ፊት ቆሞ መሥራት ማለት ነው።

ፈታኝ ሆኜ ደጋግሜ የማየው ችግር ተውሶ መምጣት ነው። ተፈታኙ በቴሌቪዥን ያየውን ተዋናይ ድምፅና የእጅ እንቅስቃሴ ሳይቀር ይዞ ይመጣል። እኛ ግን ማየት የምንፈልገው እሱን ራሱን ነው። መስከረም 21 ወደ ግሸን ማርያም ዳገቱን የሚወጣውን ሕዝብ አስቡት። ጀሪካን ያዘሉ አንዲት እናት የትኛውን ድንጋይ መርጠው እንደሚረግጡ፣ ትንፋሽ ሲያጥራቸው ንግግራቸውን የት ላይ እንደሚቆርጡት ልብ ብላችሁ ካያችሁ፣ ጥሩ የሁለት ደቂቃ ትወና ይወጣላችኋል። ለፊልም የምታመለክቱም የመስቀል ቅርጽ ያለውን አምባ ከሩቅ መቅረጽ አይበቃችሁም። ፈቃዳቸውን ጠይቃችሁ እኚያን እናት ተከተሉ።

ለዚህ የፊልም ዳይሬክተሩ ኃይሌ ገሪማ ምሳሌ ናቸው። ከጎንደር ወጥተው በ1967 እ.ኤ.አ. ቺካጎ፣ ጉድማን የድራማ ትምህርት ቤት ገቡ፤ ኋላም ሎስ አንጀለስ ዩሲኤልኤ ፊልም ተማሩ። በ1976 እ.ኤ.አ. የወጣው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የተሰኘው ፊልማቸው ግን የኢትዮጵያን ገበሬ ኑሮ የሚያሳይ ነው።

ሙዚቃ የምትፈልጉ፣ ከአራቱ ዋና ቅኝቶች አንዱ የአገራችሁን ስም ይዟል። አምባሰልን በክራር ወይም በማሲንቆ አጥርታችሁ ያዙ፤ ምት መጠበቅና ድምፅ ሰምቶ መመለስንም ተለማመዱ።

የማመልከቻውን ጊዜና መስፈርት ራሳችሁ ከዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር አረጋግጡ። «አስገባችኋለሁ» ለሚል ደላላ አንድም ብር አትስጡ።