ኳስ እየተጫወቱ ኮሌጅ መማር፦ ትንሹ ኮሌጅ በእውነት ስንት ያስወጣል?

“ጎበዝ ስፖርተኛ ከሆንክ አሜሪካ ውስጥ ኮሌጅ በነፃ ትማራለህ” ሲባል ሰምታችሁ ታውቁ ይሆናል። ነገሩ ሙሉ በሙሉ ውሸት አይደለም። ግን በቴሌቪዥን የምናያቸው ትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች የታሪኩ አንድ ክፍል ብቻ ናቸው። በጣም ብዙ ተማሪዎች የሚጫወቱት ስታዲየማቸው በማይሞላ ትንንሽ ኮሌጆች ውስጥ ነው። እዚያ ደግሞ ገንዘቡ የሚመጣው በሌላ በር ነው።

ዛሬ ያንን በር እንየው። ሒሳቡ ከመደመርና ከመቀነስ አያልፍም። ሆኖም የተሳሳተውን ቁጥር ይዞ የወሰነ ቤተሰብ ለዓመታት ዕዳ ሲከፍል ሊኖር ይችላል።

ማን ይከፍላል፣ ማን አይከፍልም?

የአሜሪካን የኮሌጅ ስፖርት በዋናነት የሚመራው ኤንሲኤኤ የተባለው ማኅበር ነው። ማኅበሩ ከ1973 ጀምሮ አባል ኮሌጆቹን በሦስት ዲቪዥን ከፍሏቸዋል። ዲቪዥን 1 ትልልቆቹን የሚይዝ ሲሆን ዲቪዥን 2 ደግሞ ከፊል የስፖርት ስኮላርሺፕ ይሰጣል። በአባላት ብዛት ትልቁ ዲቪዥን 3 ነው፤ ከ400 በላይ ኮሌጆች አሉት። እና እዚያ የስፖርት ስኮላርሺፕ የሚባል ነገር የለም። ዜሮ!

ከኤንሲኤኤ ውጭም ኤንኤአይኤ የሚባል የትንንሽ ኮሌጆች ማኅበር አለ፤ አባላቱ የስፖርት ስኮላርሺፕ መስጠት ይችላሉ። የሁለት ዓመት ኮሌጆችም የራሳቸው ማኅበር አላቸው።

“ከፊል” ማለት ስንት ነው?

በዲቪዥን 2 የወንዶች እግር ኳስ አንድ ኮሌጅ መስጠት የሚችለው ቢበዛ የ9 ሙሉ ስኮላርሺፕ ዋጋ ነው። አሰልጣኙ ይህን እንደ ድፎ ዳቦ ቆራርሶ ለቡድኑ ያካፍላል። ቡድኑ 30 ተጫዋች ካለውና እኩል ከተካፈሉ፣ 9 ለ30 ሲካፈል 0.3 ይሆናል። ይህም ለእያንዳንዱ 30 በመቶ ነው። በተግባር ግን እኩል አይከፋፈልም። ኮከብ አጥቂው 70 በመቶ ሊያገኝ ይችላል፤ ተቀያሪው ምንም ላይደርሰው ይችላል። ዘጠኙንም ለመሸፈን በጀት የሌላቸው ኮሌጆች ደግሞ አሉ።

ስለዚህ “ስኮላርሺፕ አገኘሁ” የሚል ጓደኛ ሲያጋጥማችሁ፣ ቀጣዩ ጥያቄ “የስንት?” መሆን አለበት።

ዲቪዥን 3 ታዲያ በምን ይማራሉ?

በሁለት ዓይነት ድጋፍ። አንደኛው በቤተሰብ አቅም ላይ የተመሠረተ ነው። የአሜሪካ ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው ተማሪ ፋፍሳ የሚባለውን ነፃ ቅጽ ይሞላል። ከዚያ መንግሥት የቤተሰቡን ገቢ አይቶ የአቅም ቁጥር ያወጣል። ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ተማሪዎች የማይመለሰው ፔል ግራንት አለ፤ በ2024–25 የትምህርት ዘመን ከፍተኛው 7,395 ዶላር ነበር። ኮሌጁም ከራሱ ካዝና ይጨምራል። ሁለተኛው በትምህርት ውጤት የሚሰጥ ድጋፍ ነው።

ደንቡ ጥብቅ ነው። የዲቪዥን 3 ኮሌጅ ድጋፍ ሲመድብ የተማሪውን ስፖርተኝነት ከግምት ማስገባት አይችልም። ኤንሲኤኤም የስፖርተኞቹንና የሌሎቹን ተማሪዎች ድጋፍ በየዓመቱ እያነጻጸረ ይቆጣጠራል። አሰልጣኙ በመግቢያው ሊያግዛችሁ ይችላል፤ ገንዘብ ግን በእጁ የለም።

እስቲ እናስላው

ሁለት ኮሌጆች ተቀበሏችሁ እንበል። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል የተቀመጡ ናቸው።

ኮሌጅ ሀ ዲቪዥን 2 ነው። ትምህርቱ፣ ዶርሙና ምግቡ ተደምሮ በዓመት 48,000 ዶላር ነው። የስፖርት ስኮላርሺፕ 12,000፣ የውጤት ድጋፍ 8,000 ሰጣችሁ። የሚቀረው 28,000 ነው።

ኮሌጅ ለ ዲቪዥን 3 ነው፤ ጠቅላላ ዋጋው 70,000። ቤተሰብ ቁጥሩን አይቶ “ይሄማ አይታሰብም” ይላል። ግን ኮሌጁ በአቅም 38,000፣ በውጤት 12,000 ሰጠ። የሚቀረው 20,000 ነው። ውድ የመሰለው በ8,000 ረከሰ።

አንድ ወጥመድ ግን አለ። የኮሌጅ ለ ደብዳቤ ከዚሁ ሥር 5,500 ዶላር የተማሪ ብድርና 2,500 ዶላር የግቢ ሥራ ጨምሮ “ጠቅላላ ድጋፍ 58,000” ሊል ይችላል። በዚህ አቆጣጠር 12,000 ብቻ የቀረ ይመስላል። ብድር ግን ይመለሳል፤ የግቢው ደሞዝም ሠርታችሁ የምታገኙት ነው። የምትቀንሱት የማይመለሰውን ገንዘብ ብቻ ይሁን። ትክክለኛው ዋጋ አሁንም 20,000 ነው።

ጉልበት ቢጎዳስ?

እኔን መሐንዲሱን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። አንድን ድልድይ ስንነድፍ “አንዱ ምሰሶ ቢወድቅ ምን ይሆናል?” ብለን እንጠይቃለን። የስፖርት ስኮላርሺፕ ብዙውን ጊዜ በየዓመቱ የሚታደስ ነው። ስለተጎዳችሁ ብቻ በዓመቱ መካከል ባይነጠቅም፣ ለሚቀጥለው ዓመት ላይታደስ ይችላል። የዲቪዥን 3 ድጋፍ ግን ከእግራችሁ ጋር አልተሳሰረም። ብትጎዱም፣ ቡድኑን ብትተዉም፣ የቤተሰቡ አቅም እስካልተለወጠና ውጤታችሁ እስካልወረደ ድረስ ይቀጥላል። ምሰሶው ያለው በክፍል ውስጥ ነው።

ከኢትዮጵያ ለምታመለክቱ

ፋፍሳና ፔል ግራንት ለእናንተ አይሠሩም። የዲቪዥን 2ም ሆነ የኤንኤአይኤ ኮሌጆች ግን ለውጭ ተማሪ የስፖርት ስኮላርሺፕ መስጠት ይችላሉ። በዲቪዥን 3 በኩል ደግሞ ኤምአይቲና አምኸርስት ኮሌጅ የውጭ ተማሪን ሲቀበሉ የመክፈል አቅሙን አያዩም፤ ካለፈም በማስረጃ የተረጋገጠ ችግሩን ሙሉ ለሙሉ ይሸፍናሉ። መግባቱ ግን እጅግ ከባድ ነው፤ ከሩጫ ሰዓታችሁ በፊት የማትሪክ ውጤታችሁ ይታያል። በኤፍ-1 ቪዛ ትምህርት በሚሰጥበት ወቅት ግቢ ውስጥ በሳምንት እስከ 20 ሰዓት መሥራት ይፈቀዳል፤ ያ የኪስ ገንዘብ እንጂ የትምህርት ክፍያ አይሆንም። የስኮላርሺፑን መቶኛ ከፈላችሁኝ ቡድን አገኝላችኋለሁ የሚል ደላላ ከመጣ ደግሞ ሽሹ፤ እንዲህ ያለው ክፍያ በኤንሲኤኤ ደንብ ክልክል ነው።

ከመወሰናችሁ በፊት

ከ2011 ጀምሮ የፌዴራል ድጋፍ የሚቀበሉ የአሜሪካ ኮሌጆች በድረ ገጻቸው ላይ የትክክለኛ ዋጋ ማስያ እንዲኖራቸው ሕግ ያስገድዳል። ማስያው በዋናነት የተሠራው ለአገሬው ተማሪ ነው። እዚያ የምታድጉ ከሆነ ከወላጆቻችሁ ጋር ተቀምጣችሁ ሙሉት፤ ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ከዚያ አሰልጣኙን ሦስት ነገር ጠይቁ፦ የሚሰጠኝ በዶላር ስንት ነው? በየዓመቱ የሚታደሰው በምን መስፈርት ነው? ብጎዳ ምን ይቀርልኛል?

መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ። በመጨረሻም ራሳችሁን አንድ ነገር ጠይቁ፦ ኳሱ ባይኖር ኖሮ እዚህ ኮሌጅ መማር እፈልግ ነበር? መልሱ “አዎ” ከሆነና ቁጥሩም ከቤተሰባችሁ አቅም ጋር ከገጠመ፣ ጫማችሁን አዘጋጁ።