ቀስቱ ሲያርፍ ብቅ የምትለው መስመር ስንት ታወጣለች?

አንድ የመርካቶ ጅምላ ነጋዴ አዲስ የሽያጭና የክምችት ሶፍትዌር አሠርቶ አስጫነ እንበል። ሠሪው ድርጅት ገንዘቡን ተቀብሎ፣ የሁለት ቀን ሥልጠና ሰጥቶ ሄዷል። በሦስተኛው ወር ሥልጠናውን የወሰደችው ገንዘብ ተቀባይ የተሻለ ደመወዝ አግኝታ ለቀቀች። በምትኳ የተቀጠረው ወጣት ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጦ፣ በስክሪኑ አናት የተደረደሩትን ጥቃቅን ሥዕሎች ያያል። አንዱ ቀይ መስቀል ነው፤ አንዱ የቆሻሻ ቅርጫት፤ አንዱ ወደ ኋላ የታጠፈ ቀስት። ደንበኛ ሐሳቡን ቀይሮ ዕቃ መልሷል፤ ከኋላው ሌሎች አራት ሰዎች ቆመዋል። የትኛው ይነካ?

ቀዩ መስቀል መስኮቱን ብቻ ይዘጋ ይሆናል፤ ወይም ሽያጩን ከነጭራሹ ከመዝገብ ያጠፋ ይሆናል። ወጣቱ የማውዙን ቀስት በሥዕሉ ላይ ለግማሽ ሰከንድ ሲያሳርፍ አንዲት አነስተኛ ሣጥን ብቅ ብላ «ይህን ሽያጭ ይሰርዛል፤ ዕቃውን ወደ ክምችት ይመልሳል» ብትለው ኖሮ ጉዳዩ እዚያው ያልቅ ነበር። ፕሮግራም ሠሪዎች ይህችን ሣጥን «ቱልቲፕ» ይሏታል። ሶፍትዌር ሲገዛ ስለ ዋጋው፣ ስለ ሪፖርቱ ዓይነትና ስለ ኔትወርኩ ብዙ ይባላል። ስለ እርሷ የሚጠይቅ ገዢ ግን እምብዛም ነው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። አፕል እ.ኤ.አ. በ1991 ሲስተም 7 የተባለውን የማኪንቶሽ ሥርዓት ሲያወጣ «ባሉን ሄልፕ» የሚባል አገልግሎት ጨምሮበት ነበር። ተጠቃሚው ከሜኑ ሲያበራው፣ ቀስቱ የደረሰበት ነገር ሁሉ እንደ ካርቱን ገጸ ባሕርይ በአረፋ ውስጥ ስለ ራሱ ያወራል። ሐሳቡ ደግ ነበር፤ አረፋዎቹ ግን ቀስቱ ገና ከመድረሱ ስለሚፈነዱ ሥራ ላይ ያለን ሰው ያሰለቻሉ። ማይክሮሶፍት በአንጻሩ በ1990ዎቹ መጀመሪያ በኦፊስ ፕሮግራሞቹ ላይ አጭር ቃልና ትንሽ መዘግየት መረጠ። በዊንዶውስ 95 ደግሞ ማንም ፕሮግራም ሠሪ እንዲጠቀምባት የሥርዓቱ አካል አደረጋት። በዊንዶውስ መነሻ ልክ ሣጥኗ ቀስቱ ካረፈ ከ500 ሚሊ ሰከንድ በኋላ ትወጣለች፤ 5 ሰከንድ ቆይታ ትጠፋለች፤ ቀስቱ ወደ ጎረቤት አዝራር ሲዛወር ተከታይዋ በ100 ሚሊ ሰከንድ ትመጣለች። የሚያውቀው ሰው ሳያርፍ ስለሚነካ አያያትም፤ የሚያመነታው ያያታል። የፈጠራው ብልሃት ይኸው ነው።

ወደ ሒሳቡ እንግባ። ሶፍትዌሩ በኪውቲ፣ በጂቲኬ ወይም በጃቫ ስዊንግ የተሠራ ከሆነ ለአንድ አዝራር ቱልቲፕ መስጠት የአንድ መስመር ትእዛዝ ነው። በፓይተን ቲኪንተር ከተሠራ ዝግጁ ሆኖ ስለማይገኝ፣ ቀስቱ ሲገባ ጠርዝ አልባ ትንሽ መስኮት የሚከፍት፣ ሲወጣ የሚዘጋ ቁራጭ ፕሮግራም አንድ ጊዜ መጻፍ ያስፈልጋል፤ ከዚያ በኋላ ለሁሉም አዝራር ያገለግላል። ስለዚህ ዋናው ወጪ ጽሑፉን ማሰቡ ላይ ነው። 60 አዝራር ላለው ፕሮግራም በአማካይ 10 ደቂቃ ብንመድብ 10 ሰዓት ይሆናል። አዲሱ ተቀጣሪ ደግሞ በቀን 15 ጊዜ ጎረቤቱን «ይቺ ምንድን ናት?» ብሎ ቢጠይቅና እያንዳንዱ ጥያቄ የሁለቱንም ሁለት ሁለት ደቂቃ ቢወስድ፣ በቀን አንድ ሰዓት ይባክናል። የፕሮግራም ሠሪው ሰዓት ሦስት እጥፍ ይወደዳል ብንል እንኳ ወጪው በ30 የሥራ ቀን ይመለሳል። በስህተት የተሰረዘ ደረሰኝ በዚህ ስሌት ውስጥ አልገባም።

ጽሑፉን ማሰብ ስንል ቀላል እንዳይመስል። «አስቀምጥ» የሚል ስም ባለው አዝራር ላይ «አስቀምጥ» የምትል ቱልቲፕ መስቀል ለስም ያህል ነው። በአማርኛ ደግሞ የባሰ አለ። «ሰርዝ» የምትለዋ ቃል በአገር ውስጥ ሶፍትዌሮች ለሁለት የማይገናኙ ሥራዎች ስትውል ትታያለች፤ አንዷ የጀመርኩትን ትቼ ልውጣ ማለት ናት፣ ሌላዋ የተመዘገበውን አጥፋ። ለሒሳብ ሠራተኛ የሁለቱ ልዩነት የሰማይና የምድር ነው። አዝራሩ ጠባብ ስለሆነ ከአንድ ቃል በላይ ላይችል ይችላል፤ ልዩነቱን የምትናገረው ቱልቲፗ ናት። «ለውጡን ሳያስቀምጥ ይመለሳል» ስትል ሌላ፣ «ደረሰኙን ከመዝገብ ያጠፋል» ስትል ሌላ።

አነጋገሩም ያከራክራል። «ሰርዝ» ቢባል ገንዘብ ተቀባይዋ ሴት ናት፤ «ሰርዢ» ቢባል አለቃው ወንድ ነው፤ «ይሰርዙ» ከተባለ ደግሞ መስመሩ ይረዝማል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ምርጫ ስለ አዝራሩ መናገር ነው፤ «ይሰርዛል»፣ «ያትማል»፣ «ይፈልጋል» ሲባል ማንም አይታዘዝም፣ ማንም አይከፋም።

ከዓመታት በፊት ለዚህ ሁሉ ሰበብ ነበረ። ዩኒኮድ የግዕዝን ፊደል ያካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትሙ ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት የአማርኛ መጻፊያዎች ፊደላችንን በላቲን ፊደላት ኮድ ላይ አስቀምጠው ይሠሩ ስለነበር፣ በሥርዓቱ መደበኛ ፎንት የምትወጣ ቱልቲፕ አማርኛውን የላቲን ዝብርቅርቅ አድርጋ ታሳየው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 ለገበያ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ኒያላ የተባለውን የግዕዝ ፎንት ይዞ ከመጣ ወዲህ ይህ ሰበብ አይሠራም። ዛሬ ሴጅ 50 የሚባለውን ፒችትሪን የመሰለ ከውጭ የሚመጣ የታሸገ ሶፍትዌር በእንግሊዝኛ ቢናገር ገዢው የመደራደር አቅም የለውም። በአገር ውስጥ፣ በራስ ገንዘብ የሚሠራ ፕሮግራም ዝም ሲል ግን ምክንያት መጠየቅ ይገባል።

ሁለት ቦታዎች የተለየ ጥንቃቄ ይሻሉ። የመጀመሪያው የቀን ሣጥን ነው። 2017 ብሎ የጻፈ ሠራተኛ በኢትዮጵያ አቆጣጠር አስቦ ፕሮግራሙ በፈረንጆች ከቆጠረው፣ ሽያጩ ከሰባት ወይም ከስምንት ዓመት በፊት የተከናወነ ሆኖ ይመዘገባል። በጳጉሜን ደግሞ 13ኛ ወር አላውቅም ብሎ ይቆማል። እዚህ ላይ ቱልቲፕ ብቻ አትበቃም፤ የዘመን አቆጣጠሩ ከሣጥኑ አጠገብ ዘወትር መታየት አለበት። ጉዳት የሚያስከትልን ነገር ቀስት እስኪያርፍበት ድረስ ደብቆ ማቆየት ስንፍና ነው።

ሁለተኛው የደበዘዘ አዝራር ነው። «አትም» የሚለው አዝራር ግራጫ ሆኖ እምቢ ሲል ሠራተኛው ማወቅ የሚፈልገው ለምን እንደሆነ ነው። በማይክሮሶፍት ዊንዶውስ ፎርምስ በተሠሩ ፕሮግራሞች ግን የተዘጋ አዝራር የማውዝ መልእክት ስለማይደርሰው፣ ሠሪው ሌላ ዘዴ ካልተጠቀመ በስተቀር ቱልቲፗ በዚያች ሰዓት ጭራሽ አትወጣም። እርዳታው በጣም ሲፈለግ ይጠፋል ማለት ነው። ጎበዝ ሠሪ አዝራሩ የተቀመጠበትን ሰሌዳ ያናግራል፤ «ደንበኛ ስላልተመረጠ ማተም አይቻልም» ይላል። ይህን ያየ ገዢ ሠሪው ሥራውን እንደሚያውቅ ሊጠራጠር አይገባም።

የንክኪ ስክሪን ለሚገዙም አንድ ነገር ይታወቅ። ጣት እንደ ማውዝ ቀስት ሳይነካ ማንዣበብ ስለማይችል፣ ለመደርደሪያ ኮምፒውተር የተጻፈው የቱልቲፕ ሥራ ወደ ታብሌት ሲዛወር ሳይታይ ይቀራል። ለእነዚህ ስሙ ከሥዕሉ ሥር ይጻፍ።

ውል ሲዋዋሉ ሁለት ነጥብ ማስገባት አይከብድም። አንደኛ፣ እያንዳንዱ አዝራርና መሙያ ሣጥን በአማርኛ ማብራሪያ ይኑረው። ሁለተኛ፣ ጽሑፎቹ ከፕሮግራሙ ተለይተው በራሳቸው ፋይል ይቀመጡ። አንዲት ቃል ባስቸገረች ቁጥር ሠሪውን በክፍያ ከመጥራት የመደብሩ ሒሳብ ሹም ራሱ ያርማታል። ርክክብ ሲደረግ ማውዙን ለሥራ አስኪያጁ ወይም ለሻጩ ወኪል አትስጡ። ከሠራተኞቻችሁ ሁሉ አዲስ ለሆነው ስጡትና ምንም ሳይጫን ቀስቱን ከአንዱ አዝራር ወደ ሌላው እያሳረፈ ያነበበውን ይንገራችሁ። ግራ የገባው ቦታ በወረቀት ይጻፍ፤ ወረቀቱም ከቀሪው ክፍያ ጋር አብሮ ይያዝ።