ከካሴት እስከ ላፕቶፕ፦ የማይበተነው የሙዚቃ ቤተሰብ

መርካቶ፣ ሲኒማ ራስ። ስሙ ፊልም ቤትን የሚያስታውሰው፣ ራስ ቴአትርን ያቀፈው ይህ ሰፈር ለብዙ አዲስ አበቤ የታክሲ መውረጃ ብቻ አይደለም። መርካቶ ገብቶ ካሴት የገዛ፣ ቴፕ ያስጠገነ፣ ኋላም ፍላሽ ላይ ዘፈን ያስጫነ ሰው ሙዚቃ በእጅ የሚያዝ ዕቃ የነበረበትን ጊዜ ያስታውሳል። ዛሬ ልጆቻችን ዘፈን ከመስማት አልፈው በላፕቶፕ መሥራት ጀምረዋል። በሩን ዘግቶ፣ የጆሮ ማዳመጫ አድርጎ የሚውል ልጅ ያላቸው ወላጆች «ይሄ ደግሞ ሙዚቃ ነው?» ማለታቸው አይቀርም። ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ግን ለአገራችን የትናንት እንግዳ አይደለም።

ከሒልተን እስከ ታክሲ

ኃይሉ መርጊያ በአዲስ አበባ ሒልተን ይጫወት የነበረው የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች ነው። ባንዱ በ1981 (እ.ኤ.አ.) ለሥራ ወደ አሜሪካ ሲጓዝ እዚያው ከቀሩት አንዱ ሆነ። በ1985 ብቻውን ስቱዲዮ ገብቶ አኮርዲዮን፣ የኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ያማሃ ሲንተሳይዘርና የድረም ማሽን አዋሕዶ አንድ ካሴት ቀረጸ። በዚያን ጊዜ አንድ ሰው ብቻውን እንደ ሙሉ ባንድ መጫወቱ አዲስ ነገር ነበር።

ከዚያ በኋላ ኃይሉ በዋሽንግተን ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ታክሲ እየነዳ ኖረ። ኪቦርዱን ግን አልተወም፤ በመኪናው ይዞ እየዞረ ተሳፋሪ በሚጠብቅበት ሰዓት ይለማመድ ነበር። የአፍሪካ ካሴቶችን የሚሰበስበው አሜሪካዊ ብራያን ሺምኮቪትዝ ያንን ሥራ ባሕር ዳር ውስጥ አገኘውና በ2013 እንደገና አሳተመው። ኃይሉ ወደ ዓለም መድረክ ተመለሰ፤ በ2018ም አዲስ አልበም አወጣ። የአንድን ሰው የሙያ ሕይወት የቀሰቀሰው አንድ ያልተጣለ ካሴት ነው።

ለምን ዘለቀ?

አንዱ ምክንያት ከባሕር ማዶ የመጣ ነው። በ1983 እርስ በርስ የሚፎካከሩ የአሜሪካና የጃፓን መሣሪያ አምራቾች «ሚዲ» በተባለ አንድ የጋራ ቋንቋ ተስማሙ። አሜሪካዊው ዴቭ ስሚዝና ጃፓናዊው ኢኩታሮ ካኬሃሺ ቋንቋውን ለማንም ያለ ክፍያ ክፍት እንዲሆን አደረጉ። በዚህም የተነሳ የዚያ ዘመን ኪቦርድ ከዛሬ ላፕቶፕ ጋር እስካሁን ይግባባል። ሁለቱ ሰዎች ለዚህ ሥራቸው በ2013 የግራሚ ቴክኒካል ሽልማት ተቀብለዋል።

ሌላው ምክንያት የራሳችን ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አንቺሆዬና አምባሰል እያንዳንዳቸው በአምስት ድምፆች የቆሙ ቅኝቶች ናቸው። መሣሪያው ከክራር ወደ ኦርጋን፣ ከኦርጋን ወደ ኮምፒውተር ቢቀየርም ቅኝቱ አብሮ ይሻገራል። ሙዚቀኛው የሲንተሳይዘሩን ድምፅ እያጠማዘዘ ማሲንቆን የሚያስመስለውም ለዚህ ነው።

አዲሱ ትውልድ ይህን ክር አልበጠሰም። እንደገና ሙሉ «ኢትዮጵያን ሪከርድስ» በሚል ስሙ፣ ሚካኤል ሰይፉም በራሱ ስም «ኢትዮጵያዊ ኤሌክትሮኒክ» የሚባለውን አካሄድ አስተዋወቁ። ሥራዎቻቸው የወጡት ዋሽንግተን ባለ አንድ አነስተኛ አሳታሚ ጭምር ነው፤ አዲስ አበባና ዳያስፖራው እንዲህ ተቀባበሉ። ሮፍናን ደግሞ በ2018 ባወጣው «ነጸብራቅ» አልበሙ የአገር ቤት ዜማን ከዳንስ ምት ጋር አገናኝቶ ብዙ ወጣት አድማጭ አገኘ።

እንጀራ ይሆናል?

የወላጅ ትልቁ ጭንቀት ይህ ነው። ካሴት በቀላሉ ይባዛ ነበር፤ ፍላሽ ደግሞ ባሰ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሥራውን ባለቤት ይጠብቃል። በ2011 ዓ.ም. ደግሞ ኤልያስ መልካና ባልደረቦቹ ዘፈን በስልክ ተከፍሎበት እንዲወርድ «አውታር» የተባለ መተግበሪያ ጀመሩ። ኤልያስ ከጥቂት ወራት በኋላ፣ መስከረም 2012 ዓ.ም. አረፈ። ለሠሪው ተገቢውን ክፍያ የማድረስ ጥያቄ ግን አሁንም ለመጪው ትውልድ የተተወ የቤት ሥራ ነው።

በቤትዎ

ልጅዎ በላፕቶፕ ሙዚቃ የሚሠራ ከሆነ መጀመሪያ ሥራውን እንዲያሰማዎ ይጠይቁት። ቅኝቶቹን የሚያስተምረው ክራር ተጫዋች ቢያገኙለት ከውድ መሣሪያ ይልቅ ይጠቅመዋል። ሥራዎቹን ከነቀናቸውና ከነሙሉ ስሙ በሁለት የተለያየ ቦታ እንዲያስቀምጥ ያድርጉ፤ ነገ የባለቤትነት ጥያቄ ቢነሳ ማስረጃው ይህ ነው።

ቁም ሳጥን ላይ አቧራ የጠጡ ካሴቶች ካሉዎም አይጣሏቸው። ክሩ ከዓመት ዓመት እየደከመ ስለሚሄድ የሚሠራ ቴፕ ፈልገው ወደ ኮምፒውተር ያስገልብጧቸው። ይህን ሥራ ለልጅዎ ይስጡት፤ እርስዎ የዘፋኙን ስም ይነግሩታል፣ እሱ ደግሞ ድምፁን ያጠራልዎታል።