ማረሚያችሁ የት አለ?

ሰሞኑን ደግሞ ያው ነገር ተደገመ። ማኅተም ያረፈበት፣ ቲተር የተመታበት የአንድ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ በቴሌግራም ዞረ። ፌስቡክ ላይ በሰዓታት ውስጥ «ሰበር» ሆነ፤ ብዙም ሳይቆይ «ታማኝ ምንጮቻችን እንደገለጹልን» የሚል ካባ ደርቦ ጋዜጣ ላይ ወጣ። ደብዳቤው ሐሰተኛ መሆኑ ሲታወቅ ፌስቡከሩ ፖስቱን አጠፋ፣ ጋዜጣው ዝም አለ። ከዚያ ሁለቱም ወደለመዱት ንትርክ ተመለሱ፤ ጋዜጠኛው «እነዚህ አሉባልተኞች» ይላል፣ ጦማሪው «እናንተ የባለሥልጣን አፍ» ብሎ ይመልሳል። ይሄ ንትርክ ሰልችቶኛል። ማን ይታመን የሚለው ጥያቄ የሚፈታው ሰውየው በወረቀት ጻፈ ወይስ በስልክ በሚል አይደለም። ተሳስቶ ሲገኝ ምን ያደርጋል? ሚዛኑ ይሄ ነው፤ በዚህ ሚዛን ደግሞ አብዛኞቻችን እንወድቃለን። በችኮላ ስለምጽፍ በቁጥር ልሂድ።

1. ጋዜጣ ጋዜጣ ስለሆነ ብቻ አይታመንም። የ2004ን ክረምት አስታውሱ። ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ከሕዝብ ዓይን ጠፍተው አገር ሁሉ ስለ ጤናቸው ሲጠይቅ፣ የመንግሥት ቃል አቀባዮች «ደህና ናቸው፣ እያገገሙ ነው» ይሉ ነበር፤ የመንግሥት መገናኛ ብዙኃንም ያንኑ ተቀብለው ያስተጋቡ ነበር። ፍትሕ ጋዜጣ ስለዚሁ ጉዳይ ያዘጋጀው የሐምሌ ዕትም እንዳይሰራጭ ታገደ። በሌላ በኩል ያኔ ከውጭ ይሰራጭ የነበረው ኢሳት ዓለም አቀፉን የቀውስ ተንታኝ ቡድን፣ ክራይሲስ ግሩፕን፣ ምንጭ ጠቅሶ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ማረፋቸውን ዘገበ፤ ድረ ገጾችና የፌስቡክ ገጾች ተቀባበሉት። ቡድኑ ግን እንዲህ ያለ መረጃ አልሰጠሁም ሲል አስተባበለ። ነሐሴ 15 ቀን ጠዋት መንግሥት ራሱ ሞታቸውን አወጀ፤ ያረፉት ነሐሴ 14 ሌሊት ነው ተባለ። እስከ ዛሬ «ያኔ እውነቱን የነገረን ውጭ ያለው ነው» የሚል ሰው አለ። እንዲህ ያለው ሰው ግምት ሲገጥምና ዘገባ ሲረጋገጥ ያለውን ልዩነት አልያዘም። ምንጭ ተብሎ የተጠቀሰው አካል «አላልኩም» ካለ፣ ነገሩ ከሳምንታት በኋላ ቢገጥም ዘገባውን ዘገባ አያደርገውም። «እያገገሙ ነው» ብሎ ያስተጋባውም ቢሆን ያን ቃል ከማን እንደተቀበለና ለምን እንዳመነው ለአድማጩ ማስረዳት ነበረበት። አንባቢ ያን ክረምት ከአንደኛው ወገን ማስተባበያ፣ ከሌላው ወገን ወሬ ሲቀበል ከረመ። በመሐል ላይ የቆመውን ጋዜጣ ደግሞ አላገኘውም።

2. ጦማሪም ጦማሪ ስለሆነ ብቻ አይናቅም። እ.ኤ.አ. መስከረም 2004 በአሜሪካ የሆነውን የዚህ ሙያ ሰው ሁሉ ሊያውቀው ይገባል። ሲቢኤስ ቴሌቪዥን በዝነኛው አቅራቢ በዳን ራዘር አማካይነት ስለ ጆርጅ ቡሽ የውትድርና ዘመን ሰነዶች አገኘሁ ብሎ ዘገበ። በሰዓታት ውስጥ የፖለቲካ ጦማሪዎች «ይሄ ፊደል በ1970ዎቹ መጀመሪያ በጽሕፈት መኪና የተመታ አይመስልም» አሉ። አንደኛው ሰነዱን በኮምፒውተር በተለመደው የማይክሮሶፍት ወርድ ፊደል እንደገና ጽፎ ሁለቱን ደርቦ አሳየ። የዚያ ማሳያ ጉልበት ጦማሪውን እመኑኝ የማያስብል መሆኑ ነበር፤ ማንም ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ ሊሞክረው ይችላል። ቴሌቪዥኑ መጀመሪያ ተከራከረ፣ በሁለተኛው ሳምንት ሰነዶቹን ማረጋገጥ እንደማይችል አምኖ ይቅርታ ጠየቀ። በቀጣዩ ጥር ገለልተኛ አጣሪ ቡድን ሪፖርቱን ሲያወጣ አራት የጣቢያው ባልደረቦች ከሥራቸው እንዲለቁ ተደረገ። የስንት ዓመት ስምና የስንት አዘጋጅ ፊርማ ያላዳነውን ዘገባ የጣለው ሥራውን ገልጦ ያሳየ ሰው ነው።

ወደ አገራችን ስንመጣ «ጦማሪ ሁሉ አሉባልተኛ ነው» የሚለው ስድብ ከማን ሲመጣ እንደኖረ ማስታወስም ያስፈልጋል። ሚያዝያ 2006 ላይ የዞን 9 ጦማሪዎች ሲታሰሩ ከስድስቱ ጦማሪዎች ጋር ሦስት ጋዜጠኞችም ታስረዋል። ከሳሽ በጋዜጠኛና በጦማሪ መካከል ልዩነት አላየም፤ ሁሉንም በሽብር ነው የከሰሳቸው። ከአንድ ዓመት በላይ ታስረው አምስቱ ሐምሌ 2007 ክሳቸው ተቋርጦ ወጡ፤ የቀሩትን ጥቅምት 2008 ፍርድ ቤት ከሽብር ክሱ ነጻ አላቸው። ስለዚህ ጋዜጣ ላይ የምንሠራ ሰዎች ጦማሪን ስንንቅ የማንን ቋንቋ እንደምንዋስ ብናውቅ ጥሩ ነው።

3. ደሜን የሚያፈላው ይሄ ነው፦ «ምንጮቻችን»። እነማን ናቸው? ስም አልጠየቅኩም። ስም መጠበቅ የሙያው ግዴታ ነው፣ በተለይ እንደኛ ባለ አገር። ነገር ግን ስም በመደበቅና ምንም ባለመናገር መካከል ሰፊ ቦታ አለ። «በስብሰባው ላይ የነበሩ፣ ስማቸው እንዳይጠቀስ የጠየቁ ሁለት ባለሙያዎች» ማለት ይቻላል። «ደብዳቤውን በዓይናችን አይተነዋል፣ ዋናውን ግን አላገኘንም» ማለት ይቻላል። «ደብዳቤው የተገኘው ከቴሌግራም ቻናል ነው፣ መሥሪያ ቤቱን ጠይቀን መልስ አላገኘንም» ማለትም ይቻላል፤ ይሄ አያሳፍርም። የሚያሳፍረው ከቴሌግራም የተነሣ ስክሪን ሾት «ምንጮቻችን» በሚለው ቃል ታጥቦ ጋዜጣ ላይ ሲሰጣ ነው። ይሄ አሠራር ሁለት ጊዜ ይዋሻል፤ አንባቢን አጣርተናል ብሎ ያታልላል፣ ወሬውን መጀመሪያ ያወጣውን ሰው ደግሞ ድካሙን ይነጥቀዋል። ከዚያ ያ ጦማሪ የጋዜጣውን ገጽ ፎቶ አንሥቶ «ጋዜጣውም አረጋገጠው» ብሎ ይለጥፋል! አንዱ ሌላውን ምንጭ አድርጎ ክቡን ዘጉት። መሐሉ ባዶ ነው።

ደብዳቤ ማጣራት ደግሞ ተአምር አይጠይቅም። የወጪ ቁጥሩንና ቀኑን እዩ፤ ቀኑ እሑድ ላይ ከዋለ ጠርጥሩ። ማኅተሙ ከፊርማው ጋር ተደራርቦ ያረፈ ነው ወይስ ንጹሕ ወረቀት ላይ ተንሳፍፎ ከሌላ ደብዳቤ የተቆረጠ ይመስላል? ቲተሩ ላይ ያለው ሰው በዚያ ቀን በዚያ ወንበር ላይ ነበር? የመሥሪያ ቤቱ ስምስ? ሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር በ2014 ከትምህርት ሚኒስቴር ጋር መዋሐዱን የሚያውቅ ሰው፣ ከዚያ በኋላ በድሮው ስም የወጣ ደብዳቤ ሲያይ ቢያንስ ስልክ ያነሣል። ከሁሉም የሚበልጠው ግን «ግልባጭ» የሚለው ነው፤ ጥድፊያ ላይ ያለ ሰው አያነበውም። ዋናው መሥሪያ ቤት ባይመልስላችሁ ግልባጭ ከተደረገላቸው አንዱ ዘንድ ደውሉና «ይሄ ቁጥር ያለው ደብዳቤ ደርሷችኋል?» በሉ። መዝገብ ቤት ያለች አንዲት ሠራተኛ የአሥር ሺሕ ሰው ሼር የማይመልሰውን ጥያቄ በአንድ ቃል ትመልሳለች።

ይሄን ስል «መሥሪያ ቤቶቹ መቼ ይመልሳሉ?» የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ነው፤ እዚህ ላይ ጋዜጠኛውም ጦማሪውም ከኔ ጋር ናቸው። የሕዝብ ግንኙነት ክፍሎቻችን ስልክ አያነሡም። ካነሡም «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» ይላሉ። ከስብሰባ ሲወጡ «ጥያቄያችሁን በደብዳቤ አምጡ» ይላሉ። በአዋጅ ቁጥር 590/2000 መሠረት መረጃ የተጠየቀ የመንግሥት አካል በ30 ቀን ውስጥ መመለስ አለበት፤ 30 ቀን ማለት ደግሞ በዚህ ዘመን ወሬ ተወልዶ፣ አድጎ፣ ልጅ ወልዶ የሚሞትበት ጊዜ ነው። ያችን 30 ቀንም የሚያከብር ብርቅ ነው። ለጋዜጠኛ መልስ የነፈገው ቢሮ ግን ወሬው ከገነነ በኋላ በራሱ ፌስቡክ ገጽ ላይ ብቅ ይልና በደብዳቤው ምስል ላይ በቀይ «ሐሰተኛ» ብሎ ጽፎ ይለጥፋል። የቱ ነው ሐሰተኛው? ቁጥሩ? ፊርማው? ይዘቱ? ምንም የለም። «ሐሰት ነው» ማለትም እኮ ማስረጃ ይፈልጋል። ባለፈው ሐሰት ያሉት ነገር በሳምንቱ እውነት ሆኖ ሲገኝ ሕዝብ ቀዩን ጽሑፍ እንደ ማረጋገጫ መቁጠር ይጀምራል፤ «አስተባበሉት፣ እንግዲያው እውነት ነው» የሚለው ቀልድ ከየትም አልመጣም።

4. ሌላው ነጥብ ስለ ሕጉ ነው፤ በአጭሩ ልለፈው። «የሐሰት መረጃ አዋጅ አለ አይደል፣ እሱ ያስተካክላቸው» የሚሉ ጋዜጠኞች አሉ። አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ፣ እንዲሁም በብሮድካስትና በኅትመት የሚሰራጭ የሐሰት መረጃን ከሌላው ከበድ አድርጎ፣ እስከ 3 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር መቀጮ ያስቀጣል። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ሕጉ ጋዜጣንና ባለ ብዙ ተከታዩን ጦማሪ በአንድ አንቀጽ ነው ያሰራቸው። ጎረቤቴን ይቅጣልኝ ብሎ የሚያጨበጭብ ጋዜጠኛ ራሱም አንቀጹ ውስጥ መኖሩን አላነበበም። ከዚያም በላይ ዐቃቤ ሕግ ተአማኒነትን አያመርትም። የእስር ፍርሃት ስህተቱን ያመነውን ሰው አስቀድሞ የሚቀጣ ከሆነ፣ ብልህ የሆነ ሁሉ ማረም ትቶ ማጥፋት ይመርጣል። እያጠፋም ነው።

ያልኩት ሚዛንም እዚህ ላይ ነው የሚሠራው። ጦማሪው ሲሳሳት ፖስቱን ያጠፋል ወይም በዝምታ ይለውጣል። ፌስቡክ ላይ የተስተካከለ ፖስት ታሪኩ ስለሚታይ ቢያንስ የፈለገ ሰው ያገኘዋል። የቴሌግራም ቻናል ግን «ተስተካክሏል» የሚል ትንሽ ምልክት እንጂ ቀድሞ ምን ይል እንደነበር አያሳይም። ጠዋት «ሾሙ» የነበረው ማታ «ሊሾሙ ይችላሉ» ይሆናል፤ ጠዋት ያነበበው ሰው ግን አይመለስም። ጋዜጣው በበኩሉ የታተመውን መሰረዝ አይችልም፤ ይሄ ጸጋው ነበር። ታዲያ ሲሳሳት በሚቀጥለው ዕትም ውስጥ ገጽ ላይ፣ ከማስታወቂያ ሥር፣ «ባለፈው ዕትማችን የተጠቀሰው እንዲህ በሚል ይታረም» ይላል፤ የቱ ዜና እንደሆነ እንኳ ለማወቅ አሮጌውን ጋዜጣ መግዛት ይኖርብሃል። ድረ ገጹ ላይ ደግሞ እንደ ጦማሪው በዝምታ ይለውጣል። ትልቅነት በዚህ አይደለም። ኒውዮርክ ታይምስ አንድ ሪፖርተሩ ዜና እየፈጠረና ከሌሎች እየቀዳ መጻፉን ሲደርስበት እ.ኤ.አ. ግንቦት 11 ቀን 2003 ከ7 ሺሕ ቃላት በላይ የፈጀ ዘገባ ስለ ራሱ ጉድ ከፊት ገጹ ጀምሮ አተመ። ያ ጋዜጣ በዚያው ዘመን በኢራቅ ጦር መሣሪያ ዘገባዎቹ ክፉኛ ተሳስቷል፣ ንጹሕ ነው አላልኩም። ያኛውንም ግን እ.ኤ.አ. በግንቦት 2004 በአዘጋጆች ማስታወሻ ለአንባቢው ተናግሯል። ስህተቱን የምናውቀው ራሱም ስለጻፈው ነው።

«እኛ ሦስት ሪፖርተር ያለን፣ የወረቀትና የማተሚያ ዋጋ ያጎበጠን ነን፤ ከማን ጋር ታወዳድረናለህ?» የሚለውን መልስ እሰማለሁ። የአቅም ችግሩ እውነት ነው። የወረቀት ዋጋ ግን ማረሚያን ፊት ገጽ ላይ ከማውጣት አይከለክልም፤ አራት መስመር ነው። ሦስት ሪፖርተር ያለው ጋዜጣ አሥር ዜና ማጣራት ካልቻለ አራት ያትም። ጦማሪውም «እኔ ደመወዝ የለኝም፣ ዜጋ ነኝ» ይላል፤ ይሁን። በሃምሳ ሺሕ ሰው ፊት «ሰበር» ብሎ የጮኸ ዜጋ በዚያው ሃምሳ ሺሕ ሰው ፊት «ተሳስቻለሁ» ለማለት ደመወዝ አያስፈልገውም። አንድ ፖስት፣ አሮጌው ሳይጠፋ፣ ከላይ ፒን ተደርጎ።

እናንተ አንባቢዎች ደግሞ ዛሬ አንድ ነገር አድርጉልኝ። የምታምኑትን ጋዜጣ ወይም ቻናል ክፈቱና የመጨረሻውን ማረሚያ ፈልጉ። ካገኛችሁ ሼር አድርጉት፤ ዜናውን ሼር እንዳደረጋችሁት። ካላገኛችሁ «ማረሚያችሁ የት አለ?» ብላችሁ በኮሜንት ጠይቋቸው፤ ኮሜንቱን ከዘጉት ግን ከቻናሉ ውጡ።