ዲ ማይነር ሁልጊዜ አያለቅስም

ዛሬ ሙዚቃ የሚያቀርቡ የስልክና የኮምፒውተር አገልግሎቶች አንድን ቅጂ በሦስት ነገር ይመድቡታል፤ በቴምፖው፣ በቁልፉ እና በስሜቱ። ቴምፖው በደቂቃ ስንት ምት እንደሚመታ ይቆጠራል፣ ቁልፉ ዲ ማይነር ወይም ኤፍ ሜጀር ይባላል፣ ስሜቱ ደግሞ ከዜሮ እስከ አንድ ባለ ቁጥር ይለካል። ከበሮው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳይዛነፍ ለሚመታ የጭፈራ ሙዚቃ ይህ ምደባ ደህና ይሠራል። የክላሲካል ቫዮሊን ቅጂ ላይ ሲደርስ ግን ይሰናከላል። ከሁሉ የባሰውን ጉዳት የሚያደርሰው ማይነር ሐዘን፣ ሜጀር ደስታ ነው የሚለው አቋራጭ ነው፤ አድማጩ ገና ሳይሰማ ምን ሊሰማው እንደሚገባ ይወስንለታልና።

የዮሐን ሴባስቲያን ባኽን የሁለት ቫዮሊኖች ኮንቼርቶ እንውሰድ። ቁልፉ ዲ ማይነር ነው። የመጀመሪያው ክፍል ግን ሁለቱ ቫዮሊኖች እየተቀባበሉ የሚገሰግሱበት፣ ጉልበት የሞላበት ሙዚቃ ነው፤ ማንም ሐዘን አይለውም። ልብ የሚነካው፣ ብዙ አድማጭ ዓይኑን ጨፍኖ የሚሰማው ሁለተኛው ክፍል ሲሆን እሱ ደግሞ በኤፍ ሜጀር የተጻፈ ነው። በቁልፍ ብቻ የሚፈርድ ሰው ሁለቱንም ይስታል። ልዩነቱን ያመጣው ፍጥነቱ ነው፤ አንዱ ይሮጣል፣ ሌላው ዝግ ብሎ ይፈስሳል። አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኬት ሄቭነር በ1930ዎቹ ባደረገቻቸው ሙከራዎችም አድማጮች ለሙዚቃ የሚሰጡትን ስሜት በመወሰን ረገድ ቴምፖ ከፍተኛ ድርሻ እንዳለው አሳይታለች። እኛ ጋ ደግሞ ትዝታ ሜጀር አለ። በሜጀር እየተዘፈነ ናፍቆትን ያዘለ ቅኝት ሲሰማ ላደገ ጆሮ፣ ሜጀር ማለት ደስታ ነው የሚለው ሕግ መጀመሪያውኑ እንግዳ ነው።

እንግዲህ ቴምፖው ስሜቱን የሚወስን ከሆነ ቴምፖውን የሚወስነው ማን ነው? እዚህ ላይ የባኽ ሻኮን ግሩም ምስክር ነው። የዲ ማይነር ፓርቲታው ቁጥር 2 የመጨረሻ ክፍል የሆነው ይህ ሥራ በብቸኛ ቫዮሊን የሚጫወቱት ሲሆን፣ በባኽ እጅ የተጻፈው ቅጂ እ.ኤ.አ. 1720 የሚል ዓመት አለው። በወረቀቱ ላይ ስለ ሻኮኑ ፍጥነት የተጻፈ ምንም ቃል የለም። ሜትሮኖም የባለቤትነት መብት ያገኘው በ1815፣ ባኽ ከሞተ ከ65 ዓመት በኋላ ነው። ስለዚህ በየቅጂው የምንሰማው ቴምፖ የተጫዋቹ ፍርድ ነው፤ አንዱ በ13 ደቂቃ ገደማ ሲጨርሰው ሌላው ከ15 ደቂቃ ያልፋል። በዚህ ልዩነት ውስጥ ስሜቱ ይገለበጣል። የቫዮሊን ደጋን አራት ክሮችን በአንድ ጊዜ ይዞ መቆየት ስለማይችል ተጫዋቹ ኮርዱን ሰብሮ፣ ከታች ወደ ላይ ያወጣዋል። ዝግ ሲል እያንዳንዱ ኮርድ እንደ ከባድ ሸክም ይነሳል፤ ሲፈጥን ደግሞ ሻኮን መነሻው ጭፈራ እንደነበር ይታወሰናል።

ቁልፉም ቢሆን እንደሚመስለው የጸና አይደለም። እንደ ቤልጂየማዊው ሲጊስቫልት ኩይከን ያሉ የባሮክ ቫዮሊን ተጫዋቾች መሣሪያቸውን ዛሬ በተለመደው 440 ኸርዝ ፈንታ በ415 ይቃኛሉ። ይህ ግማሽ ቶን ያህል ዝቅ ያለ ስለሆነ፣ ዲ ማይነር ተብሎ የተጻፈውን ሙዚቃ የሚመረምር ኮምፒውተር ሲ ሻርፕ ማይነር ነው ይላል። ከዚህም በላይ ሻኮኑ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በማይነር አይቆይም። መካከሉ ላይ ወደ ዲ ሜጀር ይሻገራል፣ ብዙ ከቆየ በኋላም ወደ ማይነር ይመለሳል። የተመለሰው ማይነር በኖታ ያው ነው፤ ለጆሮ ግን ሜጀሩን ካሳለፍን በኋላ የመጣ በመሆኑ ከመነሻው ይልቅ ይከብዳል። የማሳረጊያው ድምፅ ደግሞ ዲ ብቻ ነው። ሜጀርን ከማይነር የሚለየው ሦስተኛ ድምፅ እዚያ የለም።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ይነሳል። የባኽ ሚስት ማሪያ ባርባራ በ1720 ባሏ ከሚያገለግለው ልዑል ጋር ካርልስባድ ሳለ ሞተች፤ ሻኮኑ ለእሷ የተደረሰ ሙሾ ከሆነ ስሜቱ ሐዘን ነው ማለት ስህተት የሚሆነው እንዴት ነው? ሐሳቡ ልብ ይነካል። ነገር ግን የእጅ ጽሑፉ ንጹሕ ግልባጭ ነው፤ ሙዚቃው የተደረሰበትን ወር አይናገርም፣ ባኽም ስለ ሚስቱ በላዩ ላይ የጻፈው ነገር የለም። ሐዘን ቢኖርበት እንኳ ሜጀሩን መካከል የሚሸፍንልን አይሆንም። ሌላው ተቃውሞ፣ ሁሉም ነገር በተጫዋቹ እጅ ከሆነ ሥራው የራሱ ስሜት የለውም ማለት ነው ወይ የሚል ነው። አለው፤ ደጋግሞ የሚመለሰው ወራጅ ቤዝ ክብደት ይሰጠዋል፣ ማንም ተጫዋች ሊያቀለው የማይችለው ወሰንም አለ። በዚያ ወሰን ውስጥ ግን ሰፊ ሜዳ አለ።

ስለዚህ አንድ የቫዮሊን ቅጂ ሲመዘገብ ከምት ቁጥሩ ይልቅ ማን እንደተጫወተው፣ መቼ እንደተቀዳ፣ መሣሪያው በስንት ኸርዝ እንደተቃኘ ቢጻፍ አድማጩ ይበልጥ ይጠቀማል። ያሻ ሃይፌትዝ በፈጣንና በጠንካራ አጨዋወቱ የቀዳውን ሻኮን ሰምቶ ይህ ሙዚቃ ለእኔ አይሆንም ያለ ሰው፣ የአንጀት ክር በተወጠረበት ቫዮሊን ኩይከን የተጫወተውን ሳይሰማ ሥራውን ባይተወው መልካም ነው።