ፊላው ቆሻሻ አይደለም

ባለፈው ክረምት ማብቂያ ላይ በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ያለ አንድ ማረፊያ ለእንግዶቹ ወፍ እንዳሳይ ጠራኝ። ሥራ አስኪያጁ በደስታ ተቀበለኝና «ወንድሜ፣ ዳሩን አጽድተንልሃል፤ አሁን ወፉ ሁሉ እንደ ልብ ይታያል» አለኝ። ከበረንዳው ፊት ለፊት የነበረው ፊላ ከነሥሩ ተነቅሎ፣ አሸዋ ተደፍቶበት፣ ጃንጥላና ወንበር ተደርድሮበታል። እንግዶቹ እስከ ረፋድ ቁጭ ብለው ያዩት ከአባ ኮዳ በቀር ይህ ነው የሚባል ነገር የለም። ቅር ሲላቸው «ወፎቹ የት ሄዱ?» ተብዬ የተጠየቅሁት ደግሞ እኔ ነኝ።

ሰውየው ክፉ አይደለም፤ እንዲህ የሚያስበውም እሱ ብቻ አይደለም። ለብዙ ሰው ያማረ ሐይቅ ማለት ዳሩ የተገለጠ ውሃ ነው። ፊላና ደንገል ዓይን የሚጋርድ አረም ሆነው ይቆጠራሉ። የጣና ሐይቅ የእምቦጭ መከራ ከተሰማ ወዲህማ ብሶበታል፤ ውሃ ላይ አረንጓዴ ነገር ያየ ሁሉ «እምቦጭ ገባ!» ይላል። እምቦጭ ከደቡብ አሜሪካ የመጣ መጤ ነው፤ ሥሩን ውሃ ውስጥ አንጠልጥሎ ነፋስ ወደ ወሰደው ይንሳፈፋል። ፊላ የአገሩ ተክል ነው፤ ሥሩ ጭቃው ውስጥ ነው። ለመለየት ምሁር መሆን አያስፈልግም። ጎንበስ ብላችሁ ሳቡት፦ እምቦጩ ተከትሏችሁ ይመጣል፣ ፊላው ንቅንቅ አይልም። ይህን ለጀልባ ነጂ፣ ለሆቴል ባለቤት፣ ለተማሪ፣ ለባለሥልጣን ስናገር ኖሬአለሁ፤ አሁንም ማጭድ ይዞ የሚወርድ አላጣሁም።

ፊላው ባልተነካበት ቦታ ጠዋት ማልዳችሁ፣ የጀልባውን ሞተር አጥፍታችሁ ብትቆሙ ምን እንዳለ ታያላችሁ። የውሃ አበባ ቅጠል በተነጠፈበት ጃካና የምንላት ረጃጅም ጣት ያላት ወፍ ሳትሰምጥ ትራመዳለች። እንቁላሉን የሚታቀፈው ወንዱ ነው። አደጋ ሲመጣ ጫጩቶቹን ክንፉ ሥር ሸጉጧቸው ይሄዳል፤ ከጎኑ ቀጫጭን እግሮች ተንጠልጥለው ሲታዩ ሰው ስምንት እግር ያለው ወፍ ያየ ይመስለዋል። ትንሹ ሰማያዊ ዓሣ አጥማጅ ወፍ አንዱን የፊላ አገዳ ይዞ ውሃው ላይ ያነጣጥራል። አገዳው ከተነቀለ የሚቀመጥበት የለውም፤ ጃንጥላ ላይ አይቀመጥም።

ለወፉ ግድ የለኝም የሚል ለቆሮሶ ዓሣው ግድ ይኑረው። እናቲቱ እንቁላሉንም ጫጩቱንም አፏ ውስጥ አድርጋ ታሳድጋለች። ከአፏ ስትለቃቸው መጠለያቸው ይኸው ጥልቀት የሌለው፣ ተክል ያለበት ዳር ነው። አምባዛም በዝናብ ወቅት ለመራባት የሚወጣው በውሃ ወደ ተጥለቀለቀው ሣርና ፊላ ነው። አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ወርዶ ጥሬ ዓሣ በአዋዜ የሚያጣጥም ሰው የፊላውን ፍሬ እየበላ ነው። ዓሣ አስጋሪዎቹ ይህን ከእኔ ይበልጥ ያውቃሉ፤ የሚጠይቃቸው ግን የለም።

አሞራ ገደል ካልሁ አይቀር፦ እዚያ የዓሣ ሆድ ዕቃ ሲወረወርለት የሚሻማውን አባ ኮዳ አይቶ «ሐይቁ በወፍ ተሞልቷል» ብሎ የሚሄድ ጎብኚ ያሳዝነኛል። አባ ኮዳ ጥንብና ትርፍራፊ ባለበት ሁሉ ይኖራል። የእሱ መብዛት ስለ ሐይቁ ጤና ምንም አይነግረንም።

ወደ ፊላው ልመለስ። ሐዋሳ ሐይቅ የሚወጣ ወንዝ የለውም። በጥቁር ውሃ ወንዝም ሆነ በጎርፍ የገባው አፈር እዚያው ይቀራል። ከሱ በላይ ያለው ጨለለቃ ድሮ ሐይቅ ነበር፤ ደለል ሞላውና ዛሬ ረግረግ ሆኗል። የዳር ተክል የሚመጣውን አፈር የሚያስቀር ወንፊት ነው፤ ደለል እየገባ እሱን መንቀል ለእኔ ጨርሶ አይገባኝም።

እንግዳ ውሃውን ማየት እንደሚፈልግ አውቃለሁ፤ ኑሮዬም በእንግዳ ነው። ለዚህ ሁለት ሰው የሚያሳልፍ የእንጨት መተላለፊያ በፊላው መካከል አሳልፎ፣ ጫፉ ላይ ትንሽ መቆሚያ መሥራት ይበቃል። ለዚያ ማረፊያም ያልሁት ይህንኑ ነው፤ አሸዋው ይነሣ፣ ዳሩ ለአንድ ሁለት ክረምት አይነካ፤ ከጎን የቀረው ፊላ ራሱ ተስፋፍቶ ይመጣል። «እናስብበታለን» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ጃንጥላ ጨምረዋል።